በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ስለተፈተነው አዲሱ ጥይት

ለክቡር የእግረኛ ጦር ጠብመንጃና ጥይት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና ከመስኮት ራቅ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔና ባለቤቴ፣ ምስጋና ለኮሚቴዎ ይድረሰውና፣ በሕይወት አለን። ምስጋናው ለአፍ ማሳመሪያ የተባለ አለመሆኑን ከዚህ በታች ሲያነቡ ይረዱልኛል።

እኔ ዕድሜውን በሰው ጽሑፍ ላይ ነጠላ ሰረዝ ሲጨምርና ሲቀንስ የጨረሰ ጡረተኛ አራሚ ነኝ። ኮሚቴዎ ወታደሩ አዲስ ጠብመንጃና አዲስ ጥይት ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም ብሎ ክርክር ሲጀምር ፀጉሬ ገና ጥቁር ነበር። የቃለ ጉባኤውን ቋንቋ እንዳቀና አደራ ስለተሰጠኝም፣ ሲታተም አንድ ቅጂ በስጦታ ደርሶኛል፤ ውፍረቱ ትራስ ያህላል። ግማሾቻችሁ አሮጌው ጥይት ቀላል በመሆኑ ወታደሩ ብዙ ይዞ ይዘምታል ትላላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ የዛሬ ጠላት ሰደርያው ብረት ስለሆነ እሱን የሚበሳ ከባድ ጥይት ካልተገዛ አለቀልን ትላላችሁ። ሁለታችሁም በየተራችሁ ትክክል መሆናችሁን ሰረዞቹን ሳስተካክል አረጋግጫለሁ። አሁን ወደ አቤቱታዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ሙከራው ከቤታችን ጀርባ ባለው የተኩስ ሜዳ እንዲካሄድ በመወሰንዎ ሰፈራችን የተሰማው ኩራት ወሰን የለውም። የድሮው ጠብመንጃ ከወጣትነታችን ጀምሮ የምናውቀው ጨዋ ድምፅ ነበረው፤ ከምሳ በኋላ ጋደም ያለን ሰው እንኳ አይቀሰቅስም ነበር። አዲሱ ሲናገር ግን ብርጭቆዎቻችን ከቁም ሳጥን ውስጥ ሆነው ይመልሱለታል።

ሁለተኛ፣ በሜዳው ዳር ያለው የአፈር ክምር የተሠራው በአሮጌው ጥይት ልክ ነው። ይህንኑ በአክብሮት ባመለከትሁ ጊዜ፣ ጥይት ከሜዳው ሊወጣ እንደማይችል በጥናት መረጋገጡን የሚገልጽ ባለማኅተም መልስ ልካችሁልኛል። ጥይቱ መልሱን ሳያነብ ባለፈው ሳምንት በሳሎናችን መስኮት ገባ።

መደርደሪያዬ አንደኛው ጫፉ ወደ መስኮቱ፣ ሌላው ጫፉ ወደ ባለቤቴ ወንበር ዞሮ የቆመ ነው። ጥይቱ በመጀመሪያ በወጣትነቴ ያሳተምሁትን የግጥም መድብል ያለ አንዳች ስሜት አለፈው፤ ሃያስያንም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። የታሪክ መጻሕፍቱን እንደ ብዙ ሹማምንት ሳያያቸው ተሻገረ። ሕጎቹንም ጣሰ፤ ይህ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም። በመጨረሻ ከባለቤቴ ራስ ክንድ ሲቀረው የኮሚቴዎ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እዚያ የገባ ነገር ሁሉ እንደሚቆም ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ።

ባለቤቴ ከሹራብ ሥራዋ ቀና ብላ የሚጨሰውን ጥራዝ አየችና፣ “እነዚህ ሰዎች ዛሬም አልተስማሙም እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ሹራቡን አላነሳችውም። አሁን የምትውለው ማዕድ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ነው፤ ለደከመ ዓይኗ የሚበቃ ብርሃን ያለው ግን ያ የሳሎን ወንበር ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ጠብመንጃውን ከሚሞክሩት ወታደሮች አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። እሑድ ሊጠይቀን መጥቶ ጣቱን በግጥሞቼ ቀዳዳ ሲያስገባ ፊቱ አመድ መሰለ። ባለቤቴ ልታጽናናው ብላ ስለ ጠብመንጃው ጠባይ ጠየቀችው።

“ግሩም ነው እትዬ፤ የሚሸከምልኝ ሰው ብቻ ነው የጎደለው።”

“ሰውየው ሲገኝ እንግዲያ አካፋም ይዞ ይምጣ።”

ልጁ ሳቀ፤ ወዲያውም አቀረቀረ። እሱና ጓደኞቹ የአፈሩ ክምር ከፍ እንዲል አለቆቻቸውን ለምነው እንደነበርና፣ አካፋ በኮሚቴው አጀንዳ ላይ የለም ተብለው መመለሳቸውን የነገረን ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃታ በሳበ ቁጥር የሚያስበው ዒላማውን ሳይሆን የአክስቱን ወንበር እንደሆነም አልደበቀንም። ስለ አዲሱ ጠብመንጃ ዒላማ አመታት የሚቀርብልዎን ውጤት ሲያነቡ ይህን ከግምት ያስገቡልኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ከሁለቱ ወገን አንዱን አልደግፍም። ከባዱን ይግዙ ወይም ቀላሉን ያቆዩ፤ ብቻ ቀጣዩ ጥይት ከመተኮሱ በፊት አፈሩን ከፍ ያስደርጉልን፤ ሴትዮዋ ወደ ወንበሯ ትመለስ። ይህ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ ግን ክርክሩን እንዳያቋርጡ እለምናለሁ፤ እያንዳንዱ አዲስ ጥራዝ ለቤታችን ግድግዳ ነው።

ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣ በክርክሩ ማዶና በጥይቱ መንገድ ላይ የሚኖረው፣
የነጠላ ሰረዞችዎ ታማኝ አገልጋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ወንበሯን ለእርስዎ ለመልቀቅ ፈቅዳለች። የሚቀጥለውን ስብሰባ በሙከራው ቀን በሳሎናችን ቢያደርጉት ደስታችን ነው፤ ብርሃኑ ለንባብ ይመቻል። ቃለ ጉባኤውን ግን ከመደርደሪያው አያገኙትም፤ ጎረቤታችንም መስኮት ስላለው ለዚያ ቀን ከእኛ ተውሶታል።