ሴቶቹ ሥራ የለቀቁበት ምክንያት

ታዴዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። የሙት ዓመትህ እንግዳ ሄዶ፣ የተዋስነው ድስት ለየባለቤቱ ተመልሶ፣ እኔም አሁን ገና ቁጭ ማለቴ ነው። ደክሞኛል።

ሰፈራችን ጊንጆ እንዳለች ናት፤ ከበራችን ፊት ለፊት የባጃጅ ጋራዥ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ብረት ይቀጠቅጣል። ልጃችን ሰላም ሥራ አግኝታ ሐዋሳ ገብታለች። ያንተ ወረቀት ግን ከአልጋው አልወረደም፤ እኔ ጥግ ይዤ እተኛለሁ። በሕይወት እያለህም እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ግን የማኮርፍበት ሰው ነበረኝ።

መጽሐፍህ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ባልደረባህ አስቴር እየመጣች አብረን ስናስተካክል ከረምን፤ እኔ የእጅ ጽሑፍህን እፈታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያን ሁሉ ቡናና ያን ሁሉ ሠራተኛ ይዘን ስለምን ፋብሪካ አልበዛልንም የሚለው፣ ዕድሜህን የበላው ጥያቄ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ግን ማንበቤን አቆምኩ። ሴት ቡና ለቃሚዎች ሥራውን የለቀቁት ደመወዙ ስላነሳቸው ነው ብለሃል።

እኔ ለቃሚ አልነበርኩም እንዴ? አጋሮ መጋዘን ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጬ የተሰበረውንና የጠቆረውን ከደህናው ስለይ አይደል ያገኘኸኝ? የለቀቅኩት ሰላም ስትወለድ ነው። ካቦው ልጅ ያዘለች ከበር አታልፍም አለ፤ በቃ። ደመወዙማ ትንሽም ቢሆን እንኖርበት ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኼ ነው፤ መቅረጸ ድምፅ ተሸክመህ አገር ስታዳርስ፣ ቤትህ ያለችውን አልጠየቅካትም።

የአንድ ሰው ቃል ማስረጃ አይሆንም ትል የለ? አጋሮ ሄድኩ። ከአጠገቤ ትለቅም የነበረችውን ዘይነባን አገኘኋት፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ወላሂ፣ ልጄን የማስቀምጥበት ቢኖረኝ እስከዛሬም አልወጣም ነበር አለችኝ። ሌሎች ሦስት ሴቶች አስጠራችልኝ፤ ሁሉም ያሉት ያንኑ ነው።

አስቴር ደግሞ፣ ከፈለግሽ ዓረፍተ ነገሩን አውጥተን ትክክለኛውን እሱ እንደጻፈው አድርገን እናስገባ፣ ማንም አያውቅም አለችኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ስምህ እንዳይነካብኝ ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን እነዘይነባን ዳግመኛ ዝም ማሰኘት ሆነብኝ። ስለዚህ ያልከው እንዳለ ይቀመጣል፤ ከሥሩ የእኛ ቃል ከነስማችን ይገባል። ከእኔ ስም አጠገብ ቡና ለቃሚ የነበረች ተብሎ ተጽፏል። ቅር ቢልህም ቻለው።

አንድ ነገር ግን ለአስቴርም አልነገርኳት። ያንን ምዕራፍ እኮ አንብበህልኝ ነበር። ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ደክሞኝ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ስትጨርስ አምሯል አልኩህ። ደስ ብሎህ ወደ ክፍልህ ገባህ። አንተ አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልሰማሁህም፤ ይህን ያህል ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር። አንባቢው ሊቅነትህን ያስታውስ። እኔ ግን ወዳንተ እስክመጣ ድረስ የማስታውስህ ከዚህ ጋር ነው።

ባለቤትህ