ኖርሾፒንግ ድረስ የተሸከምኩት መርዶሽ

አስካልዬ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ደረጃ እወጣለሁ፤ ምርኩዝ አልያዝኩም። ምስሬን ራሴ እሠራለሁ፤ ያርርብኛል፣ ግን ያረረውንም እበላዋለሁ። ከሰቨን ሲስተርስ ገበያ ድንችና ሽንኩርቴን ገዝቼ፣ ለሁለት እጄ አካፍዬ ይዤ፣ አውቶቡስ ላይ ቆሜ እመጣለሁ። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ሲነሱልኝ እምቢ እላቸዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ራሴ ነኝ የምጽፈው። ሶስና “አባዬ፣ አንተ ዝም ብለህ ተናገር፣ ስልኩ ራሱ ይጽፈዋል” አለችኝ። በእኔና በሚስቴ መሀል ስልክ ምን አገባው? ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት መሆኑን ታውቂያለሽ። የተሳሳተ ካገኘሽ እንደ ድሮሽ ሳቂብኝና እለፊው።

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ሰው ሁሉ “ጊዜ ያስረሳል” ይለኛል። ውሸታም ሁሉ።

ቤቱን ብትጠይቂኝ፣ አከራያችን ካውንስሉ መስኮቶቹን ቀይሯቸዋል፤ ብርዱ ግን መንገዱን ስለሚያውቀው ይገባል። ሶስና ወንበርሽን ለድሃ መርጃ ለቻሪቲ ልስጠው ብላ ነበር። እኔንም አብረሽ ጫኚኝ አልኳት፤ ተወችው። ልጅሽ በሥራዋ አለቃ ሆናለች። እዚያ የሚበቃት መስሎኝ ነበር፤ ማታ እዚህ መጥታም ትቀጥላለች።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ወንበር አይደለም። ስለ ጌታሁን ነው።

ሚዜያችን ጌታሁን። ሱዳን፣ ገዳሪፍ በስደት ሳለን፣ አንዷን ክፍል በመጋረጃ ከፍለሽ በወዲያ በኩል ያስተኛሽው፣ ወባ ሲጥለው አጥሚት በማንኪያ ያጠጣሽው፣ “እህቴ” እንጂ አንድ ቀን በስምሽ ጠርቶሽ የማያውቀው። እኛን እንግሊዝ ሲወስደን እሱን ስዊድን ወሰደው። ሚስትም ልጅም ሳይኖረው እዚያው አረጀ። ካንቺ ሌላ እህት የለውም።

አንቺ ያረፍሽ ጊዜ እሱ የልብ ኦፕራሲዮን አድርጎ፣ ደረቱ ተሰፍቶ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሶስናና የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው “እስኪያገግም አይነገረው፣ መርዶው ይገድለዋል” አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ወጋችን ነው፤ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። በስልክም አይነገርም። በማለዳ፣ ቤቱ ድረስ ተሄዶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ደግሞ አገገመ። ያን ጊዜ “ብርዱ ይለፍለት” ተባለ። ብርዱ አለፈ። ያን ጊዜ ደግሞ “እስካሁን ሳንነግረው አሁን ምን ብለን?” ተባለ። እንዲህ እየተባለ መርዶሽ አደረ፤ አድሮም ከረመ።

እሑድ እሑድ ስንደዋወል “እህቴስ?” ይለኛል። ቤተ ክርስቲያን ናት እለዋለሁ። ጠበል ሄዳለች። አገር ቤት ናት። ስልኳ ተበላሽቷል። ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። አስካልዬ፣ በሕይወት ሳለሽ ከቤት መውጣት አትወጂም ነበር፤ ከሞትሽ ወዲህ ያላስኬድኩሽ አገር የለም።

አንድ ጊዜ ሰው አግኝቶ ሹራብ ላከልሽ። ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ጥለት የዞረበት። በሳምንቱ “ልኳ ሆነ ወይ?” አለኝ። ልክክ ብሏታል አልኩት። “እጅጌው አልረዘመባትም?” አለኝ። ትንሽ አጥፋዋለች አልኩት። “ወደደችው?” አለኝ። ከላይዋ አታወልቀውም አልኩት። ሹራቡ እንደ መጣ፣ ከነላስቲኩ፣ ቁም ሳጥንሽ ውስጥ ነበር።

ኅዳር ሲገባ በቃኝ አልኩ። ሄጄ እነግረዋለሁ አልኩ። ሶስና “ኢትስ ቱ ሌት አባዬ፣ ረፍዷል፣ ተወው” አለችኝ፤ እያጉረመረመች ትኬቱን ቆረጠችልኝ።

ኖርሾፒንግ የምትባል ከተማ ናት፤ ከስቶክሆልም በባቡር ይኬድባታል። ጌታሁን ጣቢያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ከስቷል፣ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቤቱ ስንደርስ በሩ ላይ ጫማዬን አስወለቀኝ፤ እዚያ አገር ንጉሥም ቢመጣ የሚገባው በካልሲው ነው። ከዚያ ከኋላዬ ደረጃውን ቁልቁል አየና “እህቴን የት ጣልካት?” አለኝ። እግሯን አሟታል አልኩት። ከንፈሩን መጠጠ።

አገሩ ጸጥታ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው እንደ ስልክ እንጨት ተራርቆ ይቆማል፤ ዝናብ ቢመታው እንኳ መጠለያው ሥር አንድ ሰው ካለ አይጠጋም። መድኃኒት ቤት ስትገቢ ቁጥር ትቆርጫለሽ፤ ካንቺ ሌላ ገዢ ባይኖርም ቁጥርሽ እስኪጠራ ትቆሚያለሽ። ሰው ከቤቱ ሊወጣ ሲል በበሩ ቀዳዳ ያያል፤ ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ካለ ወርዶ እስኪሄድ ይጠብቃል፣ ሰላም እንዳይባባሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨለማ ነው። በየመስኮቱ መብራት ያኖራሉ፣ መጋረጃ ግን አያደርጉም፤ ሲበሉ፣ ሲያነቡ፣ ዝም ሲባባሉ ከመንገድ ላይ ታያቸዋለሽ። አንድ ነገር ግን ወደድኩላቸው፤ ለሽምግልናዬ ብሎ ከመቀመጫው የተነሳልኝ ሰው የለም።

ጌታሁንም እነሱን መስሏል። ማታ ድንችና ዓሣ ሠራና ሦስት ሰሃን አቀረበ። ማን ይመጣል አልኩት። “ማን ያውቃል?” አለኝ። ጠዋት ቁርስም ሦስት ሰሃን። በማግሥቱም ሦስት። እኔም ባዶውን ሰሃን ሳላይ ለመብላት ወንበሬን አዞርኩ።

ለመርዶ ሰው ይሰበሰባል። ማንን ልሰብስብ? በከተማዋ ያለው ያገራችን ሰው ጥቂት ነው፤ እሱም ከሥራ ወደ ሥራ የሚሮጥ ነው። ቢመጣስ፣ ያ ደረጃ ላይ አንድ ሰው “ወዮ” ቢል ሕንፃው የሚፈርስ ይመስላል። ብቻዬን እነግረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ “ተነስ፣ የእጥበት ተራችን ነው” አለኝ። ማሽን በየቤቱ የላቸውም፤ ከሕንፃው ሥር፣ ምድር ቤት፣ የጋራ ማጠቢያ ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ቁልፍ አለው፤ ያንን በሚፈልገው ሰዓት ላይ ሰክቶ ተራ ይይዛል። ሰዓትሽ ሲያልቅ ትወጫለሽ። ካሳለፍሽ በአፍ የሚናገርሽ የለም፤ ስድብሽን በወረቀት ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉልሻል።

ማሽኖቹ ሲዞሩ ጆሮ አያሰሙም። እዚህ ልንገረው፣ ቢጮህም የሚሰማው የለም ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጌታሁን አልኩት። አንሶላ እያጠፈ ነበር።

“ተው” አለኝ፤ ቀናም አላለ። “እኔ እዚህ ነው ያለቀስኩላት።”

አስካልዬ፣ ያውቅ ኖሯል። ከተቀበርሽ በሁለተኛው ቀን፣ ስቶክሆልም ያለች አንዲት ሴት የቀብርሽን ቪዲዮ በስልኩ ላከችለት፤ ያልሰማ መች መሰላትና፣ ማጽናኛ ብላ። ደረቱ ገና ሳይጠግግ፣ አልጋ ላይ ሆኖ፣ እኔ አፈር ሳለብስሽ አየኝ። ከዚያ እሑድ ደወልኩለትና ጠበል ሄዳለች አልኩት።

ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱ ገብቶ አንድ ጊዜ ጮኸ። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ በትሕትና “ማን መታህ?” አሉት። ከዚያ ወዲያ የሚታጠብ ልብስ ሳይኖረው ተራ ይይዛል፤ ባዶ ማሽን ያስነሳና አጠገቡ ተቀምጦ ያለቅሳል። አርባሽን እንደዚያ አወጣው። “ሰዓቴን አሳልፌ በወረቀት ተሰድቤልሃለሁ” አለኝ።

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ሹራቡንስ ለማን ብለህ ላክኸው?

“የት ድረስ እንደምትዋሽ ልይ ብዬ” አለኝ። “እጅጌውን ስታሳጥፋት ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ስቄ አላውቅም፤ ደረቴን ሊቀደኝ ነበር። አንተ ሰውዬ፣ መርዶ የሚደበቀው ከባዳ ነው። ባዳ አደረግኸኝ።”

ልብህ እንዳይቆም ብለን ነው፣ ለአንተው ነው አልኩት።

“ለልቤማ ሐኪም ነበረው” አለኝ።

እኔም አልተኛሁለትም። አንተ አውቀህ እሑድ እሑድ ሬሳዋን ስታስጎትተኝ ከርመሃል፤ ከእኔና ካንተ ማን ነው አረመኔ? አልኩት። ሁለት ሽማግሌ ምድር ቤት ውስጥ እየተጯጯህን ሳለን ዞር ብል፣ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቅርጫቷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። እኛን አየች። ሰዓቱን ደግማ አየች። ተራችን አልቆ ኖሯል። ጌታሁን በቋንቋዋ ይቅርታ ጠየቃት። እኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እርጥቡን ልብስ ታቅፈን ወጣን።

እሑድ ማለዳ ቀሰቀሰኝ። “ተነስና መርዶህን ንገረኝ” አለኝ። ታውቀው የለም ወይ አልኩት። “ያወቅሁት ከስልክ ነው። ከሰው አልሰማሁም። ውጣና አንኳኳ፣ እንደ ወጉ።”

በካልሲዬ ወጣሁ። ሲሚንቶው እግር ይቆርጣል። አንኳኳሁ። ሲከፍትልኝ ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሷል። ጌታሁን፣ አስካለ ሞተች አልኩት።

ይህን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ አስካልዬ። ለለንደኑ ሰው ሁሉ የነገረችው ሶስና ናት። ከገዛ አፌ ሲወጣ እኔው እንደ አዲስ ሰማሁት። የደረጃውን ብረት ይዤ፣ ድምፄን ሳልቀንስ አለቀስኩ።

“እግዚአብሔር ያጥናህ” አለኝ። አውቶቡስ ላይ ለተዋወቁት ሰው እንደሚባለው ነው ያለኝ። አላቀፈኝም። ገብቶ ሦስተኛውን ሰሃን ከጠረጴዛው አነሳ፣ አጠበው፣ ቦታው መለሰው፣ ድንች መላጥ ጀመረ። ከፊት ለፊት በር ቀዳዳ ውስጥ ብርሃኑ ጠፋ፤ ሰው ዓይኑን ጥዶበታል። ሊወጣ ፈልጎ ለቅሶዬን እስክጨርስ እየጠበቀ ነው።

በነጋታው አልሸኘኝም። ጫማዬን አጥልቄ ቀና ስል በሩ ተዘግቷል። እንግዳ የማይሸኝ ያገራችን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ አየሁ። ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ።

እሑድ እሑድ እደውላለሁ፤ አያነሳም። ሶስና “ሂ ኒድስ ታይም፣ ጊዜ ስጠው” ትለኛለች። ሰማንያ ለሚሞላው ሰው ምን የሚሉት ታይም ነው? አንቺን በሃያ ዓመትሽ የሚያውቅሽ፣ ስትስቂ አፍሽን በመዳፍሽ መሸፈንሽን ያየ፣ ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሱን ካጣሁት ስላንቺ የማወራው ላላየሽ ሰው ነው።

አንቺንም ብሆን አልማርኩሽም። ታላቅሽ እኔ ነኝ፤ ቀድሜ መሄድ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። አንቺ ብትቀሪ በዚያው ሳምንት ሄደሽ ትነግሪው ነበር። ደረቱን በእጅሽ ደግፈሽ ትነግሪው ነበር። ይህን ስለማውቅ ነው የምናደደው።

ጌታሁን ልክ ነው አልልም። እስክሞት አልልም። ግን “ከሰው አልሰማሁም” ያለው ነገር ከተኛሁበት ያነሳኛል። ስለዚህ ለሶስና ነገርኳት፤ ከእንግዲህ በእናትሽ ሞት ላይ ስብሰባ የለም። ሚስቴ ናት። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ስሟን በውሸት አላነሳም፤ እንደ ኖረች፣ እንደ ሞተችም እናገራለሁ። አስካልዬ፣ የማስታውስሽ እንደዚያ ነው፤ ሌላውን አላውቅበትም።

ያለብኝን ዕዳ እኔው እከፍላለሁ።

ለጌታሁን የሦስት ቀን ለቅሶ አለብኝ። ስልክ ባያነሳ በር አለው። ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ካባረረኝም ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤቱ መውጣት እስኪያቅተው።

ለገዳሪፏ ጎረቤትሽ ለሐዋ አለብኝ። የሱዳኑ ጦርነት አፈናቅሏት ካይሮ ገብታለች። “በሐዘኗ ላይ ሐዘን አይጨመርባት” ተብሎ ተደበቃት፤ እሷ ግን ልጇን በቀበረች ጊዜ “አስካለ ሳትደውልልኝ ቀረች” ብላ ቂም ይዛብሻለች። ካይሮ እሄዳለሁ። ቂሟን ካንቺ ላይ አነሳለሁ።

ደብረ ብርሃን ላለችው ለአክስትሽ ለእማማ የሺ አለብኝ። ዘጠና አልፏታል፣ ዓይኗ ጠፍቷል። መንገደኛ ባገኘች ቁጥር በሶ ታስፈጭና “ለአስካለ” ብላ ትልካለች። እኔም እበላዋለሁ፤ “ጣፍጧታል” ይባልላታል። እሷ ዘንድ በማለዳ እገባለሁ። ማንም አይቅደመኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እጇን ይዤ፣ እኔው እነግራታለሁ። ጆሮዋም ስለደከመ ጮክ ብዬ፤ ካልሰማችኝም ደግሜ።