የአራተኛው በግ ግራ እግር

ሰኞ

ደሙ አልቆም አለ። ጠዋት ጋጣው ስደርስ የአራተኛው በግ ጆሮ ተሰንጥቆ ይንጠባጠባል፤ ጠባቂው አያ ታከለ አጠገቡ ቁጭ ብለው በጀለብያቸው ጫፍ ይጠርጉለታል። በጣቴ ጨመቅኩት፣ በፋሻ ጠቀለልኩት፣ ፋሻው ራሰ። ግማሽ ቀን የበግ ጆሮ ይዤ ዋልኩ ብል ማን ያምነኛል።

የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እዚህ ቆላ በግ ከታመመ ጆሮውን በምላጭ ነካ አድርገው "ክፉውን ደም" ያወጡለታል፤ አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ለዚህ በግ ግን በየቀኑ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው የምሰጠው። እሳቸው በምን ይወቁ? ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ማስረዳቱ ሰልችቶኝ "ቫይታሚን ነው" ብያቸዋለሁ። ይባስ ብዬ ዛሬ ጮኽኩባቸው፤ በአባቴ ዕድሜ ባሉ ሰው ላይ። አፈርኩ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ

ደሙ ቆሟል። በጉ መኖ አልቀመሰም።

ለጎንደር ሐኪሞች ምን ብዬ ልጻፍ? ሐኪሞቹ ስድስት በግ ከዚሁ ከእኛ ገዝተው ወሰዱ። ደረት ሳይከፍቱ፣ በብሽሽት በኩል የተጣጠፈች ቱቦ አስገብተው ከልብ በሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ውስጥ ዘረጉላቸው። የደጋው ብርድ ሲያስላቸው፣ የእንስሳት ሐኪሟ ታስታምም ብለው እዚህ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ ድረስ መለሱልኝ። እነዚህ ደህና ከከረሙ ተራው የሰው ነው። የቡድኑ ኃላፊ ዶክተር እሸቱ፣ ይህን በደንብ ከጨረስሽ ጎንደር አመጣሻለሁ ብሎኛል። ስምንት ዓመት በዚህ ሙቀት ተቀቅያለሁ።

"ጆሮው በሽቦ ተቀደደ" ብዬ ጻፍኩ። በእርሳስ። ፈሪ!

ከሰዓት አያ ታከለን ለምን እንደቆረጡት ጠየቅኳቸው። ፊቴን ሳያዩ፣ "ከዓርብ ጀምሮ ግራ እግሩን ይጎትታል። ብዳስሰው ቀዘቀዘብኝ" አሉ።

መዝገቡን ገለጥኩ። በየቀኑ የሚሞላው ይኼ ነው፦ ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ ምግብ፣ የኋላ እግር የደም ምት። ዓርብ ደህና። ቅዳሜ ደህና። እሑድ ደህና። የገዛ እጄ ጽሑፍ። በር ላይ ቆሜ ነው የሞላሁት። ሄጄ ዳሰስኩት። ቀኙ ይመታል፤ ግራው ዝም።

ረቡዕ

ኔትወርክ የለም። ደስ አለኝ። ይኼን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል።

ሰበቦቼ፦ ሙቀቱ። ክትባት ላይ ነበርኩ (ዓርብ ብቻ)። በጉ ይበላ ነበር። ሌላ የለኝም።

አያ ታከለን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ቫይታሚን እንዳልነበረ፣ እግሩን ሳልነካ "ደህና" ብዬ እንደጻፍኩ፣ የሰው ትልቁ የደም ሥር እንደ አሮጌ ጎማ ሲያብጥ ቱቦዋ ከውስጥ እንደምትደግፈው። ስለ ጩኸቴም ይቅርታ ጠየቅኩ። እሳቸው በጆሮው ነው የደነገጡት፤ "እኔው ነኛ ልገድለው የነበረው" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ ጠየቁኝ፦

"ለሰው ነው ካልሽ፣ የዚያም ሰው እግር ሲቀዘቅዝ ደህና ነህ ሊሉት ነው?"



ሐሙስ

ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ይባላል፤ የእኔስ ደርቋል። ኔትወርክ እንደመጣ ለዶክተር እሸቱ ደወልኩ። ቫይታሚኑንም፣ ጆሮውንም፣ ሦስቱን "ደህና" ጭምር ተናገርኩ።

"ሦስት ቀን ሳትነኪው ጻፍሽ?"

አዎ አልኩ። ስለ ጎንደር አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። መንገዱ እስኪከፈት በጉ የሚወጋውን መርፌ ነገረኝና የሌሎቹን እግር አሁኑኑ ዳሰሽ መልሰሽ ደውዪ አለኝ።

ሁለተኛው በግ ግራ እግሩ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ምቱ ደክሟል። የቀሩት ደህና ናቸው፤ አሁን ነክቼ ነው የምለው። መልሼ ስደውል የቀዶ ሕክምናውን መዝገብ አየ፦ በግራ ብሽሽት የተገባባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ድምፁ ተለወጠ። "ዝም ብለሽ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ዓርብ

አራተኛው ሞተ። አያ ታከለ ሎጋው ነበር የሚሉት፤ ሲሞት ራሱን ደግፈውት ነበር።

እኔው ከፈትኩት። ቱቦዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ከበታቿ፣ ወደ ግራ እግር የሚወርደውን ሥር የረጋ ደም ደፍኖታል። የጆሮው ደም አዳክሞት ይሆናል እንጂ የገደለው ይኼ ነው። ከሁሉም በፊት ለአያ ታከለ ነገርኳቸው። ዞር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

የእርሳሷን ውሸት አጠፋሁ። ሦስቱን "ደህና" ሰርዤ፣ በጎናቸው በእስክሪብቶ "አልነካሁትም" ብዬ ፈረምኩ።

ቅዳሜ

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፈተ፤ የጎንደሩ መኪና መጣ። ሁለተኛውን ጫንን። አያ ታከለ ብቻውን አይሄድም ብለው ተሳፈሩ። ለብርዱ ጋቢዬን ሰጠኋቸው። ስለ እኔ ዝውውር ማንም ምንም አላለም። አራት በጎች ቀርተውኛል፤ እያንዳንዷን እግር ጠዋትም ማታም እዳስሳለሁ።

እሑድ

ስልኬን ይዤ ለበግ እግር ስእለት ስሳል ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አያ ታከለ ደወሉ። ሐኪሞቹ በዚያችው ብሽሽት ገብተው የረጋውን ደም አውጥተውለታል። ሐኪሙስ ምን አለ አልኳቸው።

"ደህና ነው ብሏል" አሉኝ።

ነክቶት ነው? አልኳቸው። የገባቸው መሰለኝ።

"እኔም ነክቼዋለሁ ልጄ። ሞቋል።"