ለሐኪሙ የዋሸሁት ክብደትሽ

ውድ ሚጡዬ፣

ስልኬን ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን አክስትሽ ታደርስልሻለች። አንብበሽ ብትቀጂው አልቀየምም፤ ሳታነቢው ብቻ አትቅደጂው።

አክስትሽ አምልጧት የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነው። አንቺን ሳረግዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባትሽ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል። እኔ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ አዝራር እተክል ነበር፤ እዚያ ሆዷ የገፋ ሴት ሳምንት ሳትቆይ ትሰናበታለች። ስለዚህ ብጣሽ ጨርቅ እያመጣሁ ጠዋት ጠዋት አክስትሽ ሆዴን ታስርልኝ ነበር።

"ኧረ ልጁ ይታፈናል" ትለኛለች።

"አጥብቂው" እላታለሁ።

እንዳልወፍር ብዬ የምሳ ሰዓቴን ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ አሳልፍ ነበር። በቀን አንዴ፣ ያውም ጥቂት እቀምሳለሁ። ስትራገጪ እንኳ ሰው እንዳያይብኝ እሰጋ ነበር እንጂ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስምንተኛ ወርሽን ሳትጨርሺ መጣሽ። አዋላጇ መዝና "አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ" አለች። ሚጡ የተባልሽው ለቁልምጫ ይመስልሽ ነበር።

ግን አደግሽ። ሮጥሽ፣ ተማርሽ፣ ምላስሽም ከእኔ በለጠ። እኔም ያለፈው አለፈ ብዬ ተኛሁ።

ሃያ ስድስት ዓመትሽ ላይ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲልሽ አብረን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ የደም ግፊትሽን ሁለቴ ለካና ወደ እኔ ዞረ።

"እናት፣ ስትወለድ ክብደቷ ስንት ነበር? ጊዜዋን ጨርሳ ነው የተወለደችው?"

አጠገቤ ነበርሽ። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ፈራሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ" አልኩት። ጻፈው። "እንግዲያው የሥራ ጭንቀት ይሆናል፣ እረፍት አድርጊ" ብሎ ሸኘን። ኩላሊትሽን ማንም አላየውም።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሲታይ ሁለቱም አልቀው ነበር። የኩላሊት እጥበት ክፍሏ ሐኪም አስረዳችኝ። "ማሕፀን ውስጥ የተጎዳ ልጅ ኩላሊቱ በቂ ማጣሪያ ሳይኖረው ይወለዳል። በኋላ አይጨመርም። ጥቂቶቹ የብዙውን ሥራ ሲሠሩ ቶሎ ያረጃሉ። ቀደም ብሎ ቢታወቅ ግን በመድኃኒት ብዙ ዓመት ማቆየት ይቻል ነበር።" ይህን ስትለኝ አንቺ ማሽኑ ላይ ሆነሽ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። ስትነቂም አልነገርኩሽም።

ኩላሊቴን ልሰጥሽ ተመረመርኩ። "የእርስዎ ጤነኛ ነው፣ ለእሷ ግን አይሆንም" አሉኝ። ጤነኛ መባል እንዲህ ያሳፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም። በዚያው ሰሞን አዲሷ ነርስ "እህትማማቾች ናችሁ?" አለችን። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ግን ታላቋ ማን እንደመሰለቻት ለመጠየቅ ፈራሁ።

መጨረሻ ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "እማዬ፣ ሆድሽን ስላሰርሽ አልተቀየምኩሽም። ልጅ ነበርሽ፣ ጨንቆሽ ነበር። ሐኪሙን ስትዋሺ ግን አርባ አምስት ዓመትሽ ነበር።"

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅርታሽ ኩላሊት አይሆንሽም።

በሳምንት ሦስቱን ቀን ከሆስፒታሉ በር ማዶ እቆማለሁ። ብታዪኝም እንዳላየሽ እለፊ። መግባትሽንና መውጣትሽን ብቻ ልይ።

ከእንግዲህ የደበቅኩሽ ነገር እንዳይኖር አንድ ልጨምር፤ ይህን አክስትሽም ረስታዋለች። የተወለድሽ ቀን አዋላጇ አንቺን ልታሳቅፈኝ ስትመጣ አክስትሽ ምግብ ይዛ ገባች። እጄን የዘረጋሁት ወደ ሳህኑ ነው። ጨርሼ፣ ጣቴን ልሼ፣ ከዚያ ነው ያየሁሽ።

እናትሽ