በሌላው ጭንቅ ይጠሩ የነበሩት ኳስ ወርዋሪ፦ የአቶ ዌንደል ራስሙሰን የሕይወት ታሪክ

አቶ ዌንደል ራስሙሰን ከአባታቸው ከአቶ ኒልስ ራስሙሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንገር ሶረንሰን እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1953 ነብራስካ ውስጥ፣ በዚህችው በሆልቪክ ከተማችን ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እዚሁ አጠናቀቁ። አወራወራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያስፈራ ስለነበር ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ጓንቱ ውስጥ ፎጣ ሳይጠቀጥቅ ኳሳቸውን አይቀበልም ነበር።

ከ1972 ጀምሮ በቤዝቦል ተጠባባቂ ወርዋሪነት ከቡድን ቡድን ተንከራተዋል። በዋናው ሊግ የተጫወቱት አንድ የበጋ ወር ብቻ ነው። ተጠባባቂ የሚጠራው ሌላው ጨዋታውን ካበላሸው በኋላ ነው፤ ከዳነ ምስጋናው የቡድኑ፣ ካልዳነ ጥፋቱ የእሱ። ብዙ ቀንም ከሜዳው ጥግ ላብ እስኪያጠምቃቸው እየወረወሩ ካሟሟቁ በኋላ «ተወው፣ ተቀመጥ» ይባሉ ነበር። ያን ውርወራ ከክንዳቸው በቀር የቆጠረው የለም።

በ1976 ከወይዘሮ አርዲስ ክኑትሰን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ካርላንና ስቲቨንን ወለዱ።

በዚያ ሙያ «ክንድህ እንዴት ነው?» ለሚል አሰልጣኝ መልሱ «ደህና ነው» ብቻ ነው። ሌላ መልስ የሰጠ ሻንጣውን ይሸክፋል። አቶ ዌንደል ፀጉራቸውን በግራ እጃቸው ማበጠር ሲጀምሩ ግን የወይዘሮ አርዲስ አንጀት አልችል አለ። በ1984 በድብቅ ለአሰልጣኙ ደውለው «እባክዎ፣ ክንዱ አልቋል፤ ትንሽ ያሳርፉልኝ» አሉ። አሰልጣኙ በትሕትና አመስግነው በማግስቱ የስልኩን ነገር ነግረው አቶ ዌንደልን ከቡድኑ አሰናበቱ። አቶ ዌንደል ቤት ሲገቡ «አርዲስ፣ ሁለተኛ ስለ እኔ ገላ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አሉ። ወይዘሮ አርዲስም ቃል ገቡ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው በከተማው የእህል ጎተራ ሠርተዋል። ትሑት ሰው ነበሩ፤ በካርታ ጨዋታ ማጭበርበራቸውን ግን ይህ ጉባኤ ያውቃል።

ባለፈው የበረዶ ወራት ሆዳቸውን ይታመሙ ጀመር። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው «ደህና ነኝ» አሉ። ወይዘሮ አርዲስ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው ሲያቃስቱ እንደሚያድሩ እያወቁ ያኔ የገቡት ቃል አፋቸውን ያዘው። በሽታው ሲታወቅ የአቶ ዌንደልን ጉበት ጨርሶት ነበር። ቤተሰቡ ከአልጋው ዙሪያ ከመቆም በቀር የሚያደርገው አጣ።

በመጨረሻው ሳምንት ነርሷ «ሕመሙ ዛሬ እንዴት ነው?» ስትላቸው ወደ ባለቤታቸው ዞረው «እሷን ጠይቂያት፤ እሷ ታውቃለች» አሉ። ወይዘሮ አርዲስ እያለቀሱ ያንን ያለቀ ክንድ ያሹ ጀመር።

አቶ ዌንደል ሜይ 9 ቀን 2024 በ71 ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አረፉ። ሳይነግሩት ሕመማችንን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ዝም ላሉትም ምሕረቱን ያውርድልን። አሜን።