ስለ ጠዋቱ የወንጌል ሰዓትና ስለ ቅጽ ቁጥር አራት

ለክቡር መልአከ ብርሃናት ሰይፈ ሥላሴ ያርጋል
የፍሬ ሃይማኖት የካህናት ማሠልጠኛ ዋና ኃላፊ
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና የተወሰደች አንድ ሰዓት እንድትመለስ መለመንን ይመለከታል

ክቡር አባታችን ሆይ፣ የልጅነት ሰላምታዬ ከተቀመጡበት የክብር ወንበር ድረስ ይድረስልኝ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የዘንድሮው ክረምት ጉምና ብርድ የጉልበትዎን ሕመም እንዳልቀሰቀሰብዎ፣ አዲሱ የቢሮዎ ምንጣፍም እግርዎን እንዳሞቀልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። በነፍሴም ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልዎ ግን፣ በስድስት ዓመት የጸሐፊነት ዘመኔ ካዘጋጀኋቸው ሪፖርቶች ጋር አንድ ይሆንብኛልና እርሱን እተወዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ግልጽ በማድረጌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በመዝገብ ቤት በኩል ሦስት ጊዜ ልኬልዎት ነበር፤ ሦስቱም «ለመረጃ ያህል ተይዟል» የሚል ምልክት ተደርጎባቸው ተመለሱ። ይህን አነጋገር መዝገብ ቤቱን ያስተማርኩት እኔው ራሴ ስለሆንሁ ትርጉሙ አልጠፋኝም።

አንደኛ። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጊዜ አጠቃቀምዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ማሠልጠኛችን ምን ያህል ኋላ የቀረ እንደነበር ሲያስታውሱት ሳያፍሩልን አይቀሩም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌላ ትምህርት ሁሉ ሳይጀመር፣ የኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ የተባሉ ሽማግሌ መምህር ወንጌል ይተረጉሙ ነበር። ሰውየው ለጊዜ ደንታ አልነበራቸውም። አንዲቱን ቁጥር ይይዙና አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ሲሉ ሰዓቱ ያልቃል። ጌታ ተከተለኝ ያለውን ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ለማውረድ ሦስት ቀን ሲፈጅባቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእኔን ቢሮና የእርሳቸውን ክፍል የሚለየው ስስ ችፑድ ስለነበረ፣ ወደድኩም ጠላሁም እሰማ ነበር።

እርስዎ ይህን ብክነት በመጡ በወሩ አረሙት። ትምህርቱ መጀመሪያ ወደ ከሰዓት በኋላ፣ ሠልጣኙ ሁሉ ምሳ በልቶ ወደሚያንቀላፋበት ሰዓት ተዛወረ። ቀጥሎ በዓርብ ብቻ ተወሰነ። በሦስተኛው ማሻሻያ «በግል ንባብ የሚሸፈን» ተብሎ ከሠንጠረዡ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጻፈ። ባዶ የቀረውን የጠዋት ሰዓት የአመራር ክህሎት፣ የዕቅድ አዘገጃጀትና የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ተካፈሉት። ሦስቱንም ማሻሻያ የተየብኩት እኔ ነኝ። ፊደሉን ያሳነስኩትም እኔ ነኝ፤ እርስዎ አላዘዙኝም፣ ወረቀቱ በአንድ ገጽ እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው።

የኔታ ሠንጠረዡን በሰው አስነብበው ወደ ቢሮዬ መጡ። ዓይናቸው ለትንሽ ፊደል አይሆንም። «ልጄ ወልደ ሩፋኤል፣ እንዲያው ጠዋት ጠዋት አሁን ምንድን ነው የሚማሩት?» አሉኝ። አመራር መሆኑን ነገርኳቸው። «እሱስ ደግ ነው። ወዴት ነው የሚመሩት?» አሉ። ይህን ሲሉ አልቀለዱም፤ ለማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። እኔም ከላይ የመጣ መመሪያ ነው ብዬ መለስኩላቸው። እንግዲህ ይሁን አሉና በሳምንቱ ጨርቃቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ወደ ጃናሞራ ሄዱ። እስከ መናኸሪያ እንኳ አልሸኘኋቸውም፤ በዚያ ጠዋት የነባር መምህራንን አያያዝ በተመለከተ ስብሰባ ነበረን፣ ቃለ ጉባኤ ያዥም እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛ። ስለ አምናው የሐምሌ ምረቃ ድምቀት ያለኝን አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ። ስለዚያ ቀን እርስዎ የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ዛሬ ልንገርዎ። የማሠልጠኛችን ወንጌል፣ ያ በብር የተለበጠ ሽፋን ያለው፣ ጥራዙ ላልቶ ቅጠሉ መርገፍ በመጀመሩ ዳባት ላለ ጠራዥ ተልኮ ነበር። ጠራዡ ብሩ ቢጠፋብኝ ዕዳ ነው ብሎ ሽፋኑን አልቀበል ስላለ፣ መጽሐፉ ሄደ፣ ሽፋኑ ቀረ። ወንጌል የሚያስተምር መምህር ስላልነበረን መጽሐፉን የፈለገው ሰው አልነበረም። እኔም ረሳሁት።

የምረቃው ዕለት ጠዋት ቁም ሳጥኑን ስከፍት ባዶውን ሽፋን አገኘሁ። እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ተክሏል። ደንግጬ ዙሪያዬን ስመለከት የአምስት ዓመቱ መሪ ዕቅዳችን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ውፍረቱም ቁመቱም ልክ ሆነ። እርሱን ከሽፋኑ ውስጥ አስገባሁና መቆለፊያውን ዘጋሁ። እርስዎም ያን ይዘው በጃንጥላ ታጅበው ወጡ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ እልል አለ።

የሠራሁት እንዳይታወቅብኝ የፈራሁት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። በመርሐ ግብሩ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ወንጌል የሚነበብበት ዐሥር ደቂቃ ነበር። እርስዎ ግን በጊዜ ጥበት ምክንያት ብለው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙልኝ፤ ዐሥሩ ደቂቃም ለአራተኛው እንግዳ ንግግር ተሰጠ። ያን ቀይ መስመር ሳይ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን ይቀበሉ፤ ከውርደት አድነውኛል። ቀኑን ሙሉ መጽሐፉን የከፈተ አልነበረም፤ መሳለሙን ግን ሁሉም ተሳለመ።

ከተሳለሙት መካከል የአጎቴ ሚስት እትዬ እሌኒ አንዷ ነበረች። አጎቴ ላቀው ያኔ መታመም ጀምሮ ነበር። ከዳባት በላይ ካለችው መንደራችን ድረስ መጥታ ግንባሯን ከብሩ ላይ አሳረፈችና ረጅም ጊዜ ቆየች። ኋላ ለእኔ፣ «የአጎትህን ስም ጠራሁለት» አለችኝ። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት።

ሦስተኛ። ይህኛው ስለ ቅጽ ቁጥር አራት ነው። «የሕሙማን ጉብኝት መከታተያ ቅጽ» እንደሚባል አይጠፋዎትም፤ አገልግሎታችን በማስረጃ የተደገፈ እንዲሆን በማለት እርስዎ አሳቡን አፈለቁ፣ እኔ አዘጋጀሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ አጥቢያ፣ የሰበካ ጉባኤ አባልነት፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ከአጥቢያው የሚጠበቅ ድጋፍ፣ ልዩ ልዩ አስተያየት፣ ቀጣይ ጉብኝት። መሥመሩ የቀና፣ ለዓይን የሚያምር ቅጽ ነበር።

በየካቲት አጎቴ ላቀው ከአልጋ ዋለ። የንስሐ አባቱ በሞት ተለይተውት ስለነበር፣ አምና ያስመረቅነው ቀሲስ ምስክር ሊጠይቀው መጣ። ቀሲስ ምስክር ትሑት፣ ለታዘዘው ሁሉ የሚታመን ወጣት መሆኑን እርስዎም መስክረውለታል፤ በአመራር ክህሎት አንደኛ ወጥቶ ሸልመነዋል። ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠና ቅጹን ከጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እየጠየቀ ይሞላ ጀመር። እኔም እዚያው ከመደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር።

የሰበካ ጉባኤ አባልነት ላይ ሲደርስ አጎቴ አቋረጠው። ከአርባ ዓመት በፊት የወንድሙን ድንበር ገፍቶ እንዳረሰ፣ ወንድሙ ተቀይሞ ወደ ቆላ እንደወረደና ሳይታረቁ እዚያው እንደሞተ ተናገረ። በዕድሜዬ ሙሉ ከአፉ ያልሰማሁት ነገር ነው። ከዚያ ቀና ለማለት እየሞከረ፣ «አባቴ፣ እንደኔ ላለው ሰው የሚሆን ቃል አለ ወይ?» አለ።

ቀሲስ ምስክር ደነገጠ። ወደ ቅጹ ተመለከተ፤ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ሲፈልግ አየሁት። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቦታ አልተውኩለትም ነበር። በመጨረሻ፣ «በልዩ ልዩ አስተያየት ላይ እይዘዋለሁ አያ ላቀው፣ ሐሙስ በቀጣዩ ጉብኝት እንመለስበታለን» አለውና ጻፈው። ሲነሣ መስቀል አሳለመው፣ እግዚአብሔር ይፍታ አለው። ሥርዓቱ አልጎደለም። አጎቴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐሙስ ሳይደርስ ማክሰኞ ሞተ።

ቀሲስ ምስክርን እንዳይቆጡብኝ እለምንዎታለሁ። ይህን ልጅ ጠዋት ጠዋት ምን ስናስተምረው እንደነበረ ሠንጠረዡን የተየብኩት እኔ አውቃለሁ። የሚያጽናና ቃል ከአንደበቱ ያጣው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቃሉን በግል ንባብ ይሸፍነዋል ብለን ስለተውነው ነው። አሁንም በየሳምንቱ ከአጎቴ መቃብር ላይ ሲጸልይ ይታያል።

አራተኛ። ይህኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም።

እኔ መልሱን አውቀው ነበር። ከጌታ ጋር አብሮ የተሰቀለው ወንበዴ አስበኝ ብሎ የለመነበትን፣ ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ የተባለበትን ምዕራፍ የኔታ ሦስት ጊዜ ሲተረጉሙት በችፑዱ በኩል ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜማ መተየቤን ትቼ አዳምጬአለሁ። ያ ሰው የሚመልስበት ዕድሜ፣ የሚክስበት እጅ እንዳልነበረውና ያለው አንደበት ብቻ እንደነበረ ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ከአጎቴ አልጋ ሁለት ክንድ ርቄ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ካህን ተቀምጦ ጨዋ አይናገርም፣ ቀሲስ ምስክርን ባሳጣውስ፣ ሰውስ ምን ይለኛል አልኩ። ካህኑ ከወጣ በኋላስ? ያኔም ቢሆን አልተናገርኩም። ደክሞታል፣ ይተኛ አልኩ፤ ያለው ጊዜ የእኔ ይመስል ለነገ አልኩ። እሑድም ሰኞም በቤቱ ነበርኩ።

በአርባው ቀን እትዬ እሌኒ ለለቀስተኛው፣ «ወንጌሉን ተሳልሜለት ነበር እኮ፣ ስሙን ጠርቼ» እያለች ስትጽናና ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ዓይኗን ሸሸሁ። በሰኔ ግን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ባዶውን ሽፋንም፣ ዕቅዱንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ቀጥላ፣ «አንተስ ያን ቀን ተሳልመኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን፣ ከአንቺ ኋላ ተሰልፌ ተሳልሜዋለሁ፣ ሰው ያየኝ ነበር አልኳት። አልተቆጣችኝም። ቢሆንልኝ ቁጣዋን እመርጥ ነበር።

በነጋታው ዳባት ወርጄ ወንጌሉን ከጠራዡ ተቀበልኩ። ተጠርዞ ካለቀ ዐሥር ወር ሆኖታል፤ የጠየቀው ሰው ባለመምጣቱ ጠራዡ ራሱ ማታ ማታ ሲያነብበው ከርሟል። ሥራዬን ከለቀቅሁ ወዲህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለእትዬ እሌኒ አነብላታለሁ። በቀጥታ ወደ ወንበዴው ምዕራፍ ልውሰድሽ ብላት፣ «ከመጀመሪያው አንብብልኝ፣ ቸኩዬ የት ልደርስ ነው» አለችኝ። ዛሬ ማቴዎስን ልንጨርስ ተቃርበናል። መጽሐፉ የማሠልጠኛው ንብረት ስለሆነ በጠየቁኝ ቀን አመጣዋለሁ።

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ናት። ከመስቀል በኋላ አርባ አዲስ ሠልጣኞች ይገባሉ፤ እነርሱም በየመንደሩ ከአንድ ላቀው አልጋ አጠገብ የሚቀመጡበት ቀን ይመጣል። የጠዋቷን ሰዓት ይመልሱላቸው። የኔታ ሃብተ ጊዮርጊስን በሰው አስጠይቄአቸዋለሁ፤ ሰዓቱ ከተመለሰ መንገዱ አይከብደኝም ብለዋል። አመራሩም፣ ዕቅዱም፣ የእንግዳ አቀባበሉም ይቅሩ አልልም፤ ከምሳ በኋላ ቢሆኑ ግን የሚጎዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡን አስተካክሎ ለመተየብ ያለ ደመወዝ ፈቃደኛ ነኝ፤ በዚህ ጊዜ ፊደሉን ትልቅ አደርገዋለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የጸና ጤናና ብዙ ምረቃ እየተመኘሁልዎ፣ ለበደሌ ይቅርታዎን ሳይሆን ጸሎትዎን የምሻ፣ በፊደል አሳናሽነት ያገለገልኩዎት ታናሽዎ፣

ወልደ ሩፋኤል አበባየሁ
የማሠልጠኛው የቀድሞ ጸሐፊ

ግልባጭ
ለየኔታ ሃብተ ጊዮርጊስ (ዓይናቸው ስለደከመ ሰው እንዲያነብላቸው)
ለቀሲስ ምስክር
ለእትዬ እሌኒ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት የቢሮውን ቁልፍ ሳስረክብ የብሩን ሽፋን ከፍቼ አየሁት። ያ ሽፋን ከምረቃው ወዲህ ለአዳዲስ ሠራተኞች ቃለ መሐላ ሁለት ጊዜ፣ ለእንግዳ አቀባበል አራት ጊዜ ከቁም ሳጥኑ ወጥቷል፤ ሁሌም በእርስዎ እጅ ነው የወጣው። መሪ ዕቅዱ ዛሬም እዚያው ነው፣ አንድም ቅጠል አልተገለጠም። ላወጣው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ኋላ ግን ተውኩት። ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ አዲስ ነገር የሆነብዎ ከሆነ፣ እርስዎም በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ አንድ ቀን አልከፈቱትም ማለት ነው።