አንድ አካውንት ለሁላችን

ሰኞ

ስልኬ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ አለ። ፎቶ ማስቀመጫውን ሳልከፍተው ከርሜ ዛሬ ብከፍተው የሰው ፎቶ ግልብጥ ብሎ መጣ፦ ሙሽሮች፣ የታረደ በሬ፣ የቡሬ ገበያ፣ ሕፃን ያቀፈ ፖሊስ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ከመሃላቸው ወንድሜን አየሁት። አጎቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ከኋላው የሽንዲ መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መናኸሪያ ላይ ስልክ ይፈትሻሉ ሲባል ይህን ያነሳሁትን ፎቶ ከስልኬ አጥፍቼው ነበር እኮ! ወንድሜ ከተቃውሞ ሰልፉ ወዲህ የሚፈለግ ልጅ ነው። ያለበትን ከእኔና ከአጎቴ በቀር ማንም አያውቅም ብዬ ነበር።

ማክሰኞ

ከምሠራበት ፋርማሲ አስፈቅጄ ስልኩን ወደሸጠልኝ ሰውዬ ሮጥሁ። «ምን ላድርግ እቴ፣ ለእያንዳንዱ ኢሜይል መክፈት አታካች ነው። ለሁሉም አንዱን አካውንት ነው የማስገባው» አለኝ፣ ሳያፍር! ለካስ የእኔ ፎቶ እነሱ ስልክ ላይ፣ የእነሱም እኔ ላይ ነው። ስንት ሰው እንደሆንን እሱም አያውቅ።

ከስልኬ ባጠፋውም ኔት ላይ ይቀራል፤ ከኔት ላይ ከጠፋ ግን ከሁሉም ይጠፋል። አሁኑኑ አጥፋልኝ ስለው ዳታ የለም። ፍኖተ ሰላም በሙሉ ተቋርጧል። ጠላቴ ክው ይበል፣ ክው አልሁ።

ረቡዕ

ዛሬም የለም።

የምፈራቸው፦ ፖሊሱ። የሰርጉ ሚዜዎች። ስብሰባ ላይ ፎቶ የተነሳው ባለ መነጽር። ፋርማሲ የሚገባውን ሁሉ ፊቱን አያለሁ። አንዲት ሴትዮ «ምነው፣ ታውቂኛለሽ?» አለችኝ። ለሳል የመጣችውን የሆድ መድኃኒት ልሰጣት ነበር።

መደወል ግን ይቻላል። በግልጽ አይወራ ነገር! «ጋሸ፣ ያ ወይፈን እርስዎ ዘንድ ባያድር ይሻላል፤ ዓይን በዝቶበታል» አልኋቸው አጎቴን። «ገብቶኛል ልጄ። ወደ ዘመድ እነዳዋለሁ» አሉኝ። ተመስገን።

ሐሙስ

ረፋዱ ላይ ዳታው ተለቀቀ። ደንበኛ አቁሜ ከፈትሁት። ሰርጉ አለ፣ በሬው አለ፣ የእኔ የምርቃት ፎቶ አለ። ወንድሜ የለም። ወደ ላይ ብል፣ ወደ ታች ብል የለም።

ሻጩ ጋ ደወልሁ፤ አልነካሁትም ብሎ ማለ። እኔም አልነካሁት። እሱን ብቻ መርጦ ያጠፋ ሰው አለ ማለት ነው። አይቶታል፤ ማን እንደሆነም አውቋል። ያጠፋው ለእኛ አዝኖ ይሁን ለራሱ ቀድቶ አስቀርቶት ይሁን፣ አላውቅም።

አጎቴም ደወሉ፤ «ደህና ገብቷል» አሉኝ። መድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ገብቼ አለቀስሁ።

ያጠፋውን ሰው ላመሰግነው ብዬ ፎቶዎቹ ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉንም እፈራቸዋለሁ።